የበረሃ ጉዞ ዝግጅት፤ ከአውስትራሊያ ምድረ በዳ የሚገኝ ትምህርት

(ለእርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ለመስክ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ እርዳታ ሥራ በሚደረጉ ስብሰባዎች ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ እህሉ መጠን፣ ስለ መድኃኒቱ ዓይነትና ስለ መጠለያው ሁኔታ ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ በረሃውን ስለሚያቋርጠው መኪና፣ በመኪናውም ውስጥ ስለሚጓዙት ሰዎች የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በቆላው ምድር አንድ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር የሚቀረው ብረት ብቻ አይደለም። የተጫነው እህል ይቀራል፤ እህሉን የሚጠብቁት ቤተሰቦች ጦማቸውን ያድራሉ፤ የጠፋውን ለመፈለግም ሌሎች መኪናዎችና ሌሎች ሠራተኞች ከያዙት ሥራ ይነሣሉ። ረጂው ራሱ ተረጂ በሆነ ቀን እርዳታው ሁለት ጊዜ ይጎድላል።

ስለዚህ የበረሃ ጉዞ ዝግጅት ለሹፌሩ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የእርዳታው ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ትምህርት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። በዚያ አገር የመሀል ምድረ በዳ የሚጓዙ ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት በአንድ ቀን የተጻፈ አይደለም፤ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በብዙ ስሕተትና በብዙ ሕይወት የተገዛ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው የዚያ ሥርዓት አጭር መግለጫ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የምድሩ ጠባይ

አውስትራሊያ ሰው ከሚኖርባቸው አህጉራት ሁሉ ይልቅ ደረቅ ናት። ከሕዝቧ የሚበዛው በባሕር ዳር ከተሞች ሲኖር፣ መሀሉ ግን ሰፊ ምድረ በዳ ነው። ከእነዚህ በረሃዎች አንዱ ሲምፕሰን ሲሆን፣ ስፋቱ ከ170 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከ1,100 በላይ የሆኑ የአሸዋ ኮረብታዎች ጎን ለጎን እንደ ትልም ተሰልፈውበታል። በምሥራቅ ጫፉ ላይ ካለችው ከበርድስቪል መንደር አጠገብ የሚገኘው ቢግ ሬድ የተባለው ኮረብታ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ኮረብታዎቹን በለዘብተኛው ጎናቸው ስለሚወጣ ይቀለዋል፤ ከምሥራቅ የሚነሣው ግን ገደላማውን ጎን ይጋፈጣል።

ሙቀቱም ከባድ ነው። ከሲምፕሰን በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ኡድናዳታ በጥር 2 ቀን 1960 የተመዘገበው 50.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በዚህም ምክንያት የደቡብ አውስትራሊያ አስተዳደር በክልሉ ያለውን የሲምፕሰን በረሃ በበጋው ወራት ለጉዞ ይዘጋዋል። እዚያ በጋ የሚሆነው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መግቢያ ነው። ይህ ውሳኔ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ጊዜን መምረጥ ነውና። በመልካም ወቅት ቀላል የሆነ ብልሽት በክፉ ወቅት ሞት ይሆናል።

በረሃ ሲባል ድርቅ ብቻ ማሰብም ስሕተት ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜ ጠፍጣፋው የሸክላ መሬት ጭቃ ሆኖ መኪናን እስከ አክሱ ይውጣል፤ ከሩቅ አገር በጣለ ዝናብ የሞላ ወንዝም ደመና በሌለበት ቀን መንገድ ይቈርጣል። ውሃ ፍለጋ ሳይሆን ውሃ ከቦት ለሳምንታት የሚቀመጥ መንገደኛ አለ። ስለዚህ ስንቅ የሚለካው መንገዱ በሚፈጀው ጊዜ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ሊዘጋ በሚችልበት ጊዜ ጭምር ነው።

2. ከታሪክ የተገኙ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

በነሐሴ 1860 ሮበርት በርክና ዊልያም ዊልስ የመሩት የአሳሾች ጓድ አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ለማቋረጥ ከሜልቦርን ከተማ ተነሣ። ጓዱ ግመሎች፣ ፈረሶችና ብዙ ስንቅ ነበረው። በመሀል አገር በኩፐር ወንዝ ዳር የስንቅ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ በርክ ሦስት ሰዎች አስከትሎ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ሄደ። በጣቢያው የቀሩት ሰዎች ለሦስት ወር እንዲጠብቁ ተነግሯቸው ነበር። እነርሱ ግን ከአራት ወር በላይ ጠበቁ። በመጨረሻ የሚመጣ ሰው ሲያጡ በሚያዝያ 21 ቀን 1861 ጠዋት ጣቢያውን ለቀው ሄዱ። ጥቂት ስንቅ ከዛፍ ሥር ቀብረው፣ በዛፉም ላይ «ቈፍር» የሚል ምልክት ቀርጸው ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ በርክ፣ ዊልስና ሦስተኛው ጓዳቸው ኪንግ ደክመው ከጣቢያው ደረሱ። አራተኛው ሰው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በመንገድ ሞቶ ነበር። ስንቁን ቈፍረው አወጡ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመሄድ ወስነውም የራሳቸውን ደብዳቤ በዚያው ጉድጓድ ቀበሩ። ነገር ግን በዛፉ ላይ አዲስ ምልክት አላደረጉም። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ከቀድሞዎቹ ጠባቂዎች አንዱ ከሌላ ሰው ጋር ተመልሶ መጣ፤ ዛፉን አየ፤ የተለወጠ ነገር ስላላገኘ ሳይቈፍር ሄደ። በርክና ዊልስ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ሞቱ። ኪንግን ያዳኑት የዚያ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት ያንድሩዋንዳዎች ናቸው፤ አብልተውና አስጠግተው እስከ መስከረም ድረስ አቆዩት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስንቅ ነበረ፤ ድፍረትም ነበረ። የጎደለው ግልጽ የሆነ ቀጠሮና ለሚከተለው ሰው የሚነበብ ምልክት ነው። አንዲት አዲስ ምልክት በዛፉ ልጥ ላይ ብትቀረጽ ኖሮ ሁለት ሰዎች በሕይወት የመመለስ ዕድል ነበራቸው።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ በመኪና ዘመን የሆነ ነው። በታኅሣሥ 1963 አባት፣ እናትና ሦስት ወንዶች ልጆች በበርድስቪል መንገድ ሲጓዙ አቅጣጫ ሳቱ። ቤንዚን አለቀባቸው፤ የያዙትም ውሃ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ነበር። መኪናቸውን ትተው ሄዱ፤ አምስቱም በሙቀትና በጥም አለቁ። መንገዱ የታወቀ የፖስታና የከብት መንገድ ነበር። ገዳዩ የመንገዱ ርቀት ብቻ አልነበረም፤ ከመነሣት በፊት ያልተሠራ ሂሳብና ከቆሙ በኋላ የተወሰደ አንድ ውሳኔም ነበሩበት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በበረሃ ውስጥ እንደ ሕግ ሊቈጠር ይገባል።

3. ውሃ

የዝግጅት መጀመሪያ ውሃ ነው። በሙቀት ውስጥ የሚሠራ፣ ለምሳሌ አሸዋ የሚዝቅ ወይም ጎማ የሚለውጥ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ በላብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በአውስትራሊያ ምድረ በዳ ለአንድ ሰው በቀን እስከ 10 ሊትር ማሰብ የተለመደ ነው። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው ለመጠጥ ሲሆን፣ የቀረው ለምግብ ማብሰያና ለጥቂት ንጽሕና ነው።

ውሃው በአንድ ትልቅ ዕቃ መያዝ የለበትም። አንድ በርሜል በአንድ ድንጋይ ሊበሳ ይችላል፤ በአሥር ጀሪካን የተከፋፈለ ውሃ ግን በአንድ ጊዜ አይፈስስም። የውሃ ጀሪካን የነዳጅ ሽታ ያልነካው፣ ቀለሙም ሆነ ቅርጹ ከነዳጁ ጀሪካን የተለየ መሆን አለበት። በሌሊት ድካም ውስጥ የሚደረግ ስሕተት ሁለቱንም ያበላሻልና።

በካርታ ላይ የውሃ ጉድጓድ ምልክት መኖሩ ውሃ መኖሩን አያረጋግጥም። ጉድጓዱ ደርቆ፣ ተደርምሶ ወይም ጨው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልምድ ያለው መንገደኛ በመንገድ የሚገኘውን ውሃ እንደ ተጨማሪ በረከት እንጂ እንደ ስንቅ አይቈጥረውም።

4. ነዳጅና የጭነት ሂሳብ

ከምዕራብ ከማውንት ዴር እስከ በርድስቪል ሲምፕሰንን የሚያቋርጥ ሰው በመካከል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ የማይገኝበት መንገድ ይጠብቀዋል። በደረቅ መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ናፍጣ የሚበላ መኪና በአሸዋ ላይ 22 ሊትር ሊበላ ይችላል። በዚህ መሠረት ለ500 ኪሎ ሜትር 110 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ሦስተኛ መጠባበቂያ ሲጨመር 150 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ክብደቱም ከ125 ኪሎ ግራም አያንስም።

አራት ሰዎች ለአራት ቀን ጉዞና ለአራት ቀን መጠባበቂያ ውሃ ቢይዙ፣ በቀን በነፍስ ወከፍ 10 ሊትር ሲታሰብ 320 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 320 ኪሎ ግራም ነው። የአራቱ ሰዎች ክብደት 280 ኪሎ ግራም ያህል፣ ምግቡ፣ መሣሪያው፣ ስኮርታ ጎማውና መኝታው ደግሞ ቢያንስ 180 ኪሎ ግራም ቢገመት፣ ጠቅላላው ከ900 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ለብዙዎቹ በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ መኪናዎች ይህ ፋብሪካው ከወሰነው የጭነት ልክ ጋር የሚተካከል ወይም የሚያልፍ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ በወረቀት ላይ ሲሠራ እውነቱ ይገለጣል፤ አንድ መኪና፣ አራት ሰዎችና ሙሉ ስንቅ በአንድነት አይሄዱም። መፍትሔው ውሃውን መቀነስ አይደለም። ሰዎቹንና ጭነቱን በሁለት መኪና ማካፈል፣ የማያስፈልገውንም ዕቃ ማስቀረት ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ባሌስትራው ይሰበራል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። በጣሪያ ላይ የሚጫነው ቀላል ዕቃ ብቻ መሆን አለበት። ጀሪካኖችን ጣሪያ ላይ የደረደረ መኪና የአሸዋ ኮረብታ በአግድም ሲይዝ ለመገልበጥ ቅርብ ነው።

5. የመኪናው ዝግጅት

በረሃ አዲስ ብልሽት አይፈጥርም የሚሉ መካኒኮች አሉ፤ በከተማ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ያወጣዋል እንጂ። የላላ ቺንጋ፣ የሚያንጠባጥብ የራዲያተር ቱቦ፣ የደከመ ባትሪና ያረጀ ጎማ በከተማ ለወራት ሊያገለግሉ ይችላሉ። በበረሃ ግን በመጀመሪያው ቀን ያልቃሉ። ስለዚህ ምርመራው ከመነሻው ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት መደረግ አለበት፤ ከጥገና በኋላም መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ አጭር የሙከራ ጉዞ ቢያደርግ መልካም ነው።

ከመኪናው ጋር ሊሄዱ የሚገባቸው ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ የጎማ መጠገኛና የአየር መሙያ፣ የጎማ አየር መለኪያ፣ ክሪክና በአሸዋ ውስጥ ክሪኩ እንዳይሰጥም ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ ሁለት አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ ቺንጋና ቱቦ፣ የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ፣ የሞተር ዘይት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ጥላ የሚሰጥ ሸራና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ከሁሉም በላይ እነዚህን መጠቀም የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ጎማ መለወጥ የሚያውቀው ሹፌሩ ብቻ ከሆነ፣ ሹፌሩ በታመመ ቀን ዕቃው ሁሉ ሸክም ነው።

በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃዎች ስፒኒፌክስ የሚባል እሾሃማ ሣር አለ። ዘሩ የራዲያተሩን ዓይን ደፍኖ ሞተሩን ያግላል። ደረቁ ሣር ደግሞ ከመኪናው ሥር ከጭስ ማውጫው አጠገብ ተከማችቶ እሳት ያስነሣል፤ ብዙ መኪናዎች በዚህ ምክንያት ተቃጥለዋል። ስለዚህ መንገደኞች ከራዲያተሩ ፊት ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይሰቅላሉ፤ በየቆሙበትም ቦታ ከመኪናው ሥር ገብተው ሣሩን ያጸዳሉ። የእሳት ማጥፊያው እጅ በቶሎ ከሚደርስበት ቦታ መቀመጥ ያለበትም ስለዚህ ነው።

6. በአሸዋ ላይ

በአሸዋ ላይ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የሚጠቅመው የጎማው አየር ልክ ነው። በደረቅ መንገድ ከ35 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. አየር የሚይዝ ጎማ በአሸዋ ላይ ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ሲወርድ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ገጽ ይረዝማል፤ መኪናውም አሸዋውን ከመቈፈር ይልቅ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ የተቀነሰ ጎማ ግን በፍጥነት ከተነዳ ይግላል፤ በድንገት ሲታጠፍም ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ወደ ጠንካራ መሬት ሲደረስም ወዲያው መሙላት ግዴታ ነው።

መኪናው መስጠም ሲጀምር ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው። ወዲያው መቆም፣ በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ለመመለስ መሞከር፣ ካልሆነም ከጎማዎቹ ፊት አሸዋውን ዝቆ የጎማውን አየር ይበልጥ መቀነስ ይሻላል። መኪና በመኪና ሲጎተት ገመዱ ከጠንካራ የመጎተቻ ቦታ ላይ መታሰር አለበት። የተጎታች ማያያዣ ኳስ ተነቅሎ እንደ ጥይት በመወርወር ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። በመጎተት ጊዜ ከሁለቱ ሹፌሮች በቀር ማንም በገመዱ አቅራቢያ አይቆምም።

በኮረብታው ጫፍ ላይ ከወዲያ በኩል የሚመጣ መኪና አይታይም። ስለዚህ በሲምፕሰን የሚጓዝ መኪና ሁሉ በረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ እንዲሰቅል ይገደዳል፤ መንገደኞችም በራዲዮ ቦታቸውን እየተናገሩ ያልፋሉ።

7. መገናኛና ቀጠሮ

ጆን ፍሊን የተባለው ቄስ በ1928 በክሎንከሪ ከተማ የጀመረው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ለምድረ በዳው ነዋሪ ትልቅ ተስፋ ነበር። ሆኖም አውሮፕላኑን የሚጠራበት መሣሪያ በየእርሻው ካልኖረ ሐኪሙ ሊመጣ አይችልም። አልፍሬድ ትሬገር የሠራው፣ በእግር እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ራዲዮ፣ ይህን ችግር ከ1929 ጀምሮ አቃለለ። እርዳታ መኖሩና እርዳታ መጥራት መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ዛሬ የሳተላይት ስልክና የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ መሣሪያ አሉ። መሣሪያው በ406 ሜጋኸርዝ ምልክቱን ወደ ሳተላይት ይልካል። በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠሩት አሮጌ መሣሪያዎች ከየካቲት 2009 ጀምሮ በሳተላይት አይሰሙም፤ ስለዚህ በመጋዘን የቆየ መሣሪያ ከመያዙ በፊት ሊመረመር ይገባል። የባትሪው ዘመን ማለፍ አለማለፉም መታየት አለበት። የኪስ ስልክ ግን በምድረ በዳ መሀል እንደ መገናኛ ሊቈጠር አይችልም።

መሣሪያ ሁሉ ሊበላሽ ስለሚችል ከመሣሪያ የሚበልጠው ቀጠሮ ነው። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ለአንድ ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው የሚከተሉትን በጽሑፍ ይሰጣል፦ የመኪናውን ዓይነት፣ ቀለምና ሰሌዳ፣ የተጓዦቹን ስም፣ የሚሄድበትን መንገድ፣ የያዘውን ውሃ መጠን፣ የሚደርስበትን ቀን፣ እስከዚህ ቀን ካልተሰማ ፍለጋ ይጀመር የሚለውንም ቊርጥ ሰዓት። መንገድ ሲለወጥ ይነገራል፤ ሲደረስም ይነገራል። ደርሶ አለመናገር ሰዎችን በከንቱ ለፍለጋ ማሰማራት ነው። በኩፐር ወንዝ ዳር የጎደለው ይህ ነበር።

8. የአገሩ ሰው

በዚህ ንግግር ውስጥ ለእርዳታ ሠራተኛ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት በካኒንግ የከብት መንገድ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይህ መንገድ በምዕራብ አውስትራሊያ ከዊሉና እስከ ሆልስ ክሪክ 1,850 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አልፍሬድ ካኒንግ በ1906 እና በ1907 መንገዱን አጠና፤ ከ1908 እስከ 1910 ድረስ ደግሞ የውሃ ጉድጓዶቹን አስቈፈረ። በመንገዱ ላይ ያሉት ጉድጓዶች በቊጥር 51 ናቸው።

ካኒንግ ውሃውን ያገኘው በራሱ ጥበብ ብቻ አልነበረም። የነባሩን ሕዝብ ሰዎች እየያዘ በሰንሰለት አሰረ፤ ተጠምተው ወደ ምንጫቸው እንዲመሩትም ጨው የበዛበት ሥጋ አበላቸው። ነገሩ ተሰምቶ በ1908 የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ግን ካኒንግን ነጻ አደረገው። ከዚያ በኋላ በተሠሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የተገጠመው የውሃ መሳቢያ ለብዙ ከብት የታሰበ ከባድ መሣሪያ ስለነበረ፣ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ሲጠጣበት የኖረውን ውሃ ለማግኘት ተቸገረ።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። በ1911 በመንገዱ ላይ ከብት ነጂዎች ተገደሉ፤ ብዙ ጉድጓዶች ተሰባበሩ፤ ብዙ ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት መንገድ ለሃያ ዓመት ያህል እምብዛም ሳይሠራበት ቀረ። በ1929 እና በ1930 ጉድጓዶቹ እንደገና መጠገን ነበረባቸው። ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተወሰደ ውሃ እንዲህ ያለ ዋጋ ያስከፍላል።

የማርቱ ሕዝብ በመንገዱ በሚያልፍበት ሰፊ ምድር ላይ ያለው የነባር ባለቤትነት መብት በ2002 በፍርድ ቤት ታወቀለት። መንገደኛው ከባለቤቶቹ ፈቃድ መጠየቅ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ፣ የተቀደሱ ቦታዎችን ማክበርና ውሃውን አለማርከስ ይጠበቅበታል። ይህ የወረቀት ሥርዓት ብቻ አይደለም። ፈቃድ ሲጠየቅ የመንገዱ ወሬ አብሮ ይገኛል፤ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ የትኛው መንገድ በጐርፍ እንደ ተቈረጠ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

9. መኪናው ሲቆም

ዝግጅቱ ሁሉ ተደርጎም መኪና ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፦ ከመኪናው አለመራቅ። ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው መኪና ጎልቶ ይታያል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ከቁጥቋጦ አይለይም። መኪናው ጥላ ነው፤ መስተዋቱ በፀሐይ ምልክት ይሰጣል፤ አሮጌ ጎማው ሲቃጠል ጥቊር ጭስ ያወጣል።

መጀመሪያ ጥላ ይዘረጋል፤ የአደጋው ምልክት ይሰጣል፤ ውሃው ይቈጠራል። ሥራ ሁሉ በንጋትና በምሽት ይሠራል፤ በቀትር ይታረፋል። ውሃን ከመጠን በላይ ለማጠራቀም ብሎ ጥምን መቻል አይመከርም። ውሃ በጀሪካን ውስጥ ቀርቶባቸው የሞቱ ሰዎች አሉና፣ የሚቈጠበው ላቡ እንጂ ውሃው አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የአእምሮ መዛባትና የላብ መቆም የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ጥላ ገብቶ ሰውነቱ በእርጥብ ጨርቅ መቀዝቀዝ አለበት። በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው ውሳኔ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም፤ «በእግሬ ሄጄ እርዳታ አመጣለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሙቀቱ ነው።

10. ማጠቃለያ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ቆላዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በደንከል በረሃ በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። በዚያ አገር የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው የመጡበትን መንገድ፣ የውሃውን፣ የግጦሹንና የሰላሙን ሁኔታ አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። አቧራ እያስነሣ ሳይቆም የሚያልፍ የእርዳታ መኪና ባለጌ ከመባሉም በላይ በነጻ የሚሰጠውን የመንገድ ዕውቀት ጥሎ ይሄዳል። በሱማሌ አካባቢም ቢርካ የሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ቤተሰቦች በድካማቸው ቈፍረው ያበጁት ሀብት ነው። በድርቅ ዓመት ከቢርካ ጀሪካኑን ሞልቶ የሚሄድ ሹፌር፣ ካመጣው እህል ይልቅ የወሰደው ውሃ ሊበልጥ እንደሚችል ማወቅ አለበት። እንግዳው የራሱን ውሃ ይዞ ይምጣ የሚለው ሕግ ከጥንቃቄ በላይ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻም ሰፈራን ለሚያጠኑ ኃላፊዎች አንድ ተጨማሪ ምሳሌ አለ። በ1865፣ ከከባድ ድርቅ በኋላ፣ የደቡብ አውስትራሊያው ቀያሽ ጆርጅ ጎይደር በፈረስ ተጉዞ ለእርሻ የሚታመነውን መሬት ለግጦሽ ብቻ ከሚሆነው የሚለይ መስመር አሰመረ። መስመሩን ያወቀው በዝናብ መለኪያ ብቻ ሳይሆን የዕፀዋቱን ዓይነት በዓይኑ በማየት ነበር። በ1870ዎቹ ጥቂት የዝናብ ዓመታት ሲመጡ ሰዎች ዝናብ ማረሻን ይከተላል ብለው መስመሩን አለፉ፤ መንግሥትም ፈቀደላቸው። በ1880ዎቹ ድርቁ ሲመለስ ብዙዎች ሰብላቸውንና ቤታቸውን ትተው ተሰደዱ። ከመስመሩ በስተ ሰሜን የፈረሱት የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

መንገደኛውና ሰፋሪው የሚጠይቁት ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ምድሩ ምን ያህል ውሃ ይሰጣል፣ መልካሙ ዓመት ሲያልፍስ ምን ይቀራል? መንገደኛው ቢሳሳት አንድ መኪና ይጠፋል፤ ሰፈራን የሚያቅደው ኃላፊ ቢሳሳት አንድ መንደር ይጠፋል። ስለዚህ የመስክ መኪና ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ኃላፊው ፊርማውን የሚያኖረው በነዳጁ ኩፖን ላይ ብቻ ሳይሆን ውሃው በተቈጠረበት፣ ቀጠሮው በተጻፈበትና የአገሩ ሰው በተጠየቀበት ወረቀት ላይ ጭምር ሊሆን ይገባል። ያ ወረቀት ባዶ ከሆነ መኪናው ቢቆም ይሻላል፤ አንድ ቀን ዘግይቶ የሚደርስ እህል ከቶ ከማይደርሰው እህል ይበልጣልና።